ልጁን ከመመዘን በፊት መመዘኛውን መመዘን

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ኳስ ስታነጥር፣ በአንድ እግሯ ስትዘል፣ ስትወረውርና ስትቀልብ ታይታ «የእንቅስቃሴ ክህሎቷ ከእኩዮቿ ያነሰ ነው» የሚል ውጤት ሲወጣላት ጣጣው ብዙ ነው። እናት ትደነግጣለች፤ መምህሩ ልጅቷን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ይያዛል፣ ወይም መያዝ ሲገባው ይቀራል። ያ ቁጥር የሚታመን መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ለልጅቷ የሚገባት ፍትሕ ነው።

ይህ መመሪያ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና በዘርፉ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። በምሳሌነት የምጠቀመው አሜሪካዊው ዴል ኡልሪክ ያዘጋጁትንና ቲጂኤምዲ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን የትልልቅ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ፈተና ነው። መጀመሪያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ አሁን ሦስተኛ እትሙ ላይ ደርሷል። ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት ከ11 ወር ያሉ ልጆችን በ13 ክህሎቶች ይመዝናል። ስድስቱ እንደ ሩጫና ዝላይ ያሉ ከቦታ ወደ ቦታ የመንቀሳቀስ ክህሎቶች ናቸው፤ ሰባቱ የኳስ ክህሎቶች ናቸው። እያንዳንዱ ክህሎት ከሦስት እስከ አምስት መስፈርቶች አሉት። ልጁ መስፈርቱን ካሟላ 1፣ ካላሟላ 0 ይያዝለታል፤ ሁለት ጊዜ ይሞክራል። የመጀመሪያው ክፍል ከ46፣ የኳሱ ከ54፣ ድምሩ ከ100 ነው።

ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። አስተማማኝነት ማለት ልጁ ሳይለወጥ ውጤቱም አለመለወጡ ነው፤ ዛሬም በሳምንቱም፣ አንዱ መምህር ቢያየውም ሌላው። ተገቢነት ደግሞ ቁጥሩ እንለካዋለን ያልነውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ነው። የልጆችን ቁመት በሜትር ብንለካ ውጤቱ እጅግ አስተማማኝ ይሆናል፤ «ይህ የቅልጥፍና መለኪያ ነው» ብንል ግን ተገቢነት የለውም። በሌላ በኩል በየቀኑ የሚዋዥቅ ውጤት ምንንም በትክክል ሊለካ አይችልም። ሥራው ከአስተማማኝነት የሚጀመረው ለዚህ ነው፤ እዚያ ላይ ግን አይቆምም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «አስተማማኝነቱ ተረጋግጧል» የተባለ ፈተና የተረጋገጠው በእነዚያ ልጆች፣ በእነዚያ መዛኞች ዓይን፣ በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ማረጋገጫው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አይላክም። እርስዎ ባሉበት እንደገና መፈለግ አለበት።

1. ውጤቱ ለምን ውሳኔ እንደሚውል ይጻፉ

ኳስ ከመያዝዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ «በዚህ ውጤት ይህን እንወስናለን»። ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ከሆነ ዋናው ጥያቄ መለያው ነጥብ ስንቱን በትክክል ይለያል የሚለው ነው። አንድ ልጅ ከሥልጠና በኋላ መሻሻሉን ለማወቅ ከሆነ የመለኪያው የስህተት መጠን ይቀድማል። ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለማነጻጸር ከሆነ ደግሞ ፈተናው ለሁለቱም ልጆች አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳለው ማየት ግድ ነው። ዓላማው ያልተጻፈ ምርመራ መጨረሻው የቁጥር ክምር ይሆናል።

2. የፈተናውን መጽሐፍ እየጠየቁ ያንብቡ

የተመዘኑት ልጆች የየት አገር ናቸው? ስንት ነበሩ? ነጥብ የሰጡት በቂ ሥልጠና ያላቸው ነበሩ? በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፈተና መካከል ስንት ቀን ነበር? የቀረበው ቁጥር የየትኛው ስሌት ነው? የቲጂኤምዲ የዕድሜ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዦች የተሠሩት በአሜሪካ ልጆች ነው። ስለዚህ የጅማን ወይም የደሴን ልጅ ጥሬ ነጥብ በዚያ ሠንጠረዥ መንዝሮ «ከእኩዮቹ በታች» ማለት «ከአሜሪካ እኩዮቹ በታች» ማለት ነው።

ለአገራችን መንገድ የጠረገ ሥራ አለ። ዴንቨር 2 የሚባለው 125 ጥያቄዎች ያሉት የሕፃናት ዕድገት መመዘኛ በጅማ ከ1,500 በላይ ልጆች ላይ ተሠርቶበት፣ ከአካባቢው ጋር የማይሄዱት ጥያቄዎች ተስተካክለው፣ ዴንቨር 2 ጅማ በሚል ስም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ማላዊም በገጠር ልጆቿ ላይ የተመሠረተ የራሷ መመዘኛ አላት። መመዘኛን ከቦታው ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ተሠርቶም ታይቷል።

3. ይዘቱን በአካባቢው ዓይን ይመርምሩ

ቢያንስ ስድስት ሰዎች ይሰብስቡ፦ የስፖርት መምህር፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ የልጆችን ጨዋታ በቅርብ የሚያውቁ ወላጆች። እያንዳንዱን ክህሎት «ለልጆቻችን ምን ያህል አግባብነት አለው?» በሚል ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይስጡ፤ ተመካክረው ሳይሆን ለየብቻ። 3 ወይም 4 የሰጡትን ቆጥረው ለጠቅላላው ሰው ያካፍሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ ባለሙያ ካለ በዘርፉ የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን 0.78 ነው። ከዚያ በታች የወረደ ክህሎት መታየት፣ መሻሻል ወይም መውጣት አለበት።

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ከቲጂኤምዲ የኳስ ክህሎቶች አንዱ በቆመ ማስቀመጫ ላይ ያለን ኳስ በሁለት እጅ በተያዘ ዱላ መምታት ነው። ቤዝቦል እያየ ላደገ ልጅ ይህ የሰፈር ጨዋታ ነው። የእኛ ልጅ በዱላ ኳስ መምታትን ቢያውቅ የሚያውቀው ከገና ጨዋታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኳሱ መሬት ላይ ነው፣ ዱላው ቆልማማ ነው፣ ምቱም ከላይ ወደ ታች ይመጣል። ፈተናው የሚፈልገው የወገብ አዟዟርና የእግር አቋቋም ሌላ ነው። ልጁ 0 ቢያገኝ ያነሰው ቅንጅት ነው ወይስ ልምድ? በነጥቡ ብቻ መለየት አይቻልም።

በተቃራኒው ልጆቻችን ቀን ተሌት የሚሠሩትን ፈተናው ላያየው ይችላል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግር እየዘለለች ሚዛኗን ጠብቃ ጎንበስ ብላ ጠጠር ታነሳለች። ቅልልቦሽ መወርወርን፣ ከመሬት መልቀምንና መቅለብን በአንድ ቅጽበት ያጣምራል፤ ይህ የጣቶች ቅልጥፍና ቲጂኤምዲ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም የሚለካው ትልልቅ ጡንቻዎችን ነው። የእጅ ቅልጥፍና ከፈለጉ የእጅ ሥራን፣ ማነጣጠርና መቅለብን፣ ሚዛንንም የሚይዘውን ኤምኤቢሲ 2 የተባለ ፈተና ማየት ይኖርብዎታል። አንዱን ለሌላው ሥራ ማዋል የተገቢነት ጥያቄ ነው።

አንድ ልጅ አንድን ነገር አለማድረጉ ሁልጊዜ ጉድለት እንዳልሆነም ባለሙያዎቹ ያስቡበት። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት 4.3 በመቶ ያህሉ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው መራመድ የጀመሩት። ብቻቸውን መራመድ የጀመሩበት ጊዜም ከ8.2 እስከ 17.6 ወር የተዘረጋ ሰፊ ወሰን ነው።

4. ትእዛዙን ልጅ በሚገባው ቋንቋ ያዘጋጁ

አንድ ሰው ይተርጉም፤ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ልዩነቱን ተቀምጣችሁ ፍቱ። ከዚያ በጥቂት ልጆች ይሞክሩት፤ የመጨረሻው ዳኛ ልጅ ነው። «ዝለል» ብቻ ከተባለ አንዱ በአንድ እግሩ፣ ሌላው በሁለት እግሩ ይዘላል። «በዚህ እግርህ ብቻ እየዘለልህ እስከዚያ መስመር ሂድ» መባል አለበት። ትእዛዙ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ተጽፎ ይቀመጥ፤ መዛኙ በቦታው እያሻሻለ ካነበበው ቃሉ በየልጁ ይለያያል። ልጁ የተማረበት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ከሆነ ይኸው ሥራ በዚያ ቋንቋ ይደገማል። መዛኙ ራሱ አንዴ ሠርቶ ማሳየቱ፣ ልጁም ነጥብ የማይያዝበት አንድ ልምምድ ማድረጉ የፈተናው አካል ስለሆነ አይቀነስ።

5. ዕድሜን አጣሩ

እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት የቀረውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። የልጁ ካርድ በዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ የፈተናው ሠንጠረዥ ወይም ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው የፈረንጆቹን ነው። ብዙ ሰው በጭፍን 8 ይደምራል። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የተወለደው በ2017 እንጂ በ2018 (እ.ኤ.አ.) አይደለም። 8 ከደመሩ ልጁን አንድ ዓመት ሙሉ አሳነሱት፤ ያነጻጸሩትም ከታናናሾቹ ጋር ነው፣ ችግር ቢኖርበት እንኳ ይሸፈናል። የልደቱንም የፈተናውንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር አምጥተው ያስሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ ይጠይቁ፤ እሱም ከሌለ ወላጅን ከበዓላት ጋር እያያያዙ ይጠይቁና ዕድሜው ግምት መሆኑን መዝገቡ ላይ ይጻፉ። ዕድሜያቸው በግምት የተያዘ ልጆችን ውጤት ለብቻ ማየት ሊያስፈልግ ይችላል።

6. መዛኞች እርስ በርስ ይስማማሉ?

ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ልጆቹ ሲሠሩ በቪዲዮ ይቀረጹ፤ ካሜራው በጎን በኩል ሆኖ መላ ሰውነትን ያሳይ። ቪዲዮው በይለፍ ቃል በተዘጋ ቦታ ብቻ ይቀመጣል፤ በቴሌግራም መላላክ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ሁለት የሠለጠኑ መዛኞች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ መዛኝ የቀደመውን ወረቀት ሳያይ ያንኑ ቪዲዮ ደግሞ ይመዝን፤ በዚህ ከራሱ ጋር መስማማቱ ይታወቃል። ልጆቹ ቢያንስ 50፣ ቢቻል 100 ይሁኑ።

ስሌቱ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የመቶኛ ስምምነት ነው። ኳስ በማንጠር ውስጥ «ኳሱን በጣቶች ይገፋል፣ በመዳፍ አይጠፈጥፍም» የሚል ዓይነት መስፈርት አለ። 50 ልጆች ታዩ እንበል፤ ሁለቱም መዛኞች ለ40ዎቹ «ያሟላል»፣ ለ2ቱ «አያሟላም» አሉ፤ በ8ቱ ተለያዩ፣ አራት በአንዱ በኩል፣ አራት በሌላው። ስምምነቱ 84 በመቶ ነው፤ ያኮራል። ነገር ግን ሁለቱም ለአብዛኛው ልጅ «ያሟላል» ስለሚሉ በአጋጣሚ ብቻ 79 በመቶ ያህል ሊስማሙ ይችሉ ነበር። አጋጣሚውን የሚቀንሰው ካፓ የተባለው ስሌት ሲሠራ 0.24 ይወጣል፤ ይህ ደካማ ነው። ያላሟሉትን ልጆች በመለየት ረገድ መዛኞቹ ብዙም አልተግባቡም፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እነሱኑ ልጆች ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ተራ ተዛምዶ ነው። አንዱ መዛኝ ለአራት ልጆች 60፣ 66፣ 72፣ 80 ቢሰጥና ሌላው 55፣ 61፣ 67፣ 75 ቢሰጥ ተዛምዷቸው ሙሉ 1 ነው። ሆኖም ሁለተኛው በእያንዳንዱ ልጅ ላይ 5 ነጥብ ይነፍጋል። ለድምር ነጥብ ስለዚህ አይሲሲ የሚባለውን ስሌት ይጠቀሙ፤ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲሠሩም «ኮንሲስተንሲ» የሚለውን ትተው «አብሶሉት አግሪመንት» የሚለውን ይምረጡ። ወደፊት በሥራ ላይ ነጥብ የሚሰጠው አንድ መዛኝ ከሆነ የሚመለከትዎ የነጠላ መዛኙ ቁጥር ነው፤ የአማካዩ ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ሆኖ ይታያል፣ ግን የእርስዎን ሁኔታ አይገልጽም። ተመራማሪዎቹ ኩ እና ሊ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት መለኪያ ከ0.5 በታች ደካማ፣ እስከ 0.75 መካከለኛ፣ እስከ 0.9 ጥሩ፣ ከዚያ በላይ እጅግ ጥሩ ነው። የሚነበበውም የ95 በመቶ መተማመኛው የታችኛው ወሰን ነው።

ብዙ ጥናቶችን የሚያሳስት ሌላ ነገርም አለ። ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን አንድ ላይ ደባልቀው ካሰሉ አይሲሲው ከፍ ብሎ ይወጣል። የሦስት ዓመቱና የአሥር ዓመቱ ልጅ ልዩነት ሰፊ በመሆኑ መዛኞቹ ቢሳሳቱ እንኳ አይታወቅባቸውም። በሥራ ላይ ግን የሰባት ዓመቱን ልጅ የምናወዳድረው ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር ነው። በየዕድሜው ለይተው ያስሉ።

ስምምነቱ ዝቅ ካለ መዛኞቹን አንድ ላይ አስቀምጡና የተለያዩበትን ቪዲዮ እያቆሙ ይዩ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ በጥቂት መስፈርቶች ላይ ይከማቻል፤ ለእነዚያ የጋራ ውሳኔ በጽሑፍ ይያዝና በአዲስ ልጆች እንደገና ይሞከር።

7. ያንኑ ልጅ ደግሞ መፈተን

ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈተናው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ኳስ ይደገም። በጣም ከቀረበ ልጁ ያስታውሰዋል፤ በጣም ከራቀ በእርግጥ ያድጋል። ሁለተኛው ቀን በኮንጎ ጫማ፣ የመጀመሪያው ቀን በሸራ ጫማ ከሆነ የተለካው ጫማው ነው። ለሩጫው 18 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈለጋል፤ በእረፍት ሰዓት በተማሪ በተሞላ ግቢ ውስጥ አይሞከርም። ጓደኞቹ ከበው እየሳቁበት ያለ ልጅ የሚያሳየው ክህሎቱን ሳይሆን ሐፍረቱን ነው። ቁርስ መብላቱን፣ መታመም አለመታመሙንም ጠይቃችሁ መዝግቡ። በመካከሉ የስፖርት መምህሩ «ደካማ የሆናችሁበትን እንለማመድ» ካለ ድጋሚው ፈተና ተበላሽቷል፤ አስቀድማችሁ ንገሩት።

8. የስህተቱን መጠን በነጥብ ይወቁ

አይሲሲ ስለ አንድ ልጅ ምንም አይነግርም። ለዚያ የመለኪያ ስህተትን ያስሉ፦ ከ1 ላይ አይሲሲውን ይቀንሱ፣ የዚህን ስኩዌር ሩት በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ያባዙ። የሰባት ዓመት ልጆች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 8፣ የድጋሚው ፈተና አይሲሲ 0.84 ቢሆን ስህተቱ 8 ሲባዛ በ0.4፣ ማለትም 3.2 ነጥብ ነው። ይህን በ2.77 ሲያባዙ 8.9 ይሆናል፤ እውነተኛ ለውጥ ለማለት የሚያስፈልገው ትንሹ ልዩነት እሱ ነው። ከአሥር ሳምንት ሥልጠና በኋላ ከ62 ወደ 68 የወጣ ልጅ ተሻሽሏል ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ ስድስቱ ነጥብ ከስህተቱ ወሰን አልወጣም። አይሲሲ 0.84 «ጥሩ» ከሚባለው ተርታ መሆኑን ያስታውሱ።

የሁለቱን ቀን ልዩነት ለየልጁ በግራፍ ማየትም ይጠቅማል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ብላንድና አልትማን በ1986 (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ያሳወቁት ይህ ግራፍ ሁለተኛው ቀን በአማካይ ከፍ ብሎ ከሆነ ወዲያው ያሳያል፤ ያ የመለማመድ ውጤት ነው።

9. ተገቢነትን አስቀድሞ በተጻፈ ግምት ይፈትኑ

ውጤቱን ካዩ በኋላ ማብራሪያ መፈለግ ቀላል ነው። ስለዚህ መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት የሚጠብቁትን ይጻፉ፤ ከተጻፉት ግምቶች 75 በመቶው ከተሳኩ ጥሩ ማስረጃ ነው ይባላል። ነጥብ ከዕድሜ ጋር መጨመር አለበት፤ ይህ የግድ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፣ የጫማ ቁጥርም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። የቲጂኤምዲ ነጥብ ከኤምኤቢሲ 2 ጋር መካከለኛ ተዛምዶ ይጠበቅበታል፤ አንዱ የአሠራሩን ቅርጽ ያያል፣ ሌላው ሰከንድና ብዛት ይቆጥራል። የስፖርት መምህሩ ውጤቱን ሳያይ «ይቸገራሉ» ያላቸው ልጆች ዝቅ ብለው መገኘት አለባቸው። ጎልቶ የሚታይ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሮ «ፈተናው ይለያል» ማለት ግን ማስረጃነቱ ቀጭን ነው፤ ያንን ያለፈተናም ማንም ያያል።

13ቱ ክህሎቶች እንደታሰበው በሁለት ምድብ መከፈላቸውን የሚያሳየው የፋክተር ትንተና ከ100 ባነሱ ልጆች አይሞከር። ከልጆቹ ከ15 በመቶ በላይ ከፍተኛውን ወይም ዝቅተኛውን ነጥብ ካገኙም ፈተናው በዚያ ጫፍ ልጆችን መለየት አቅቶታል።

10. መለያ ነጥቡ ስንቱን ያሳስታል?

200 ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ 10ሩ እውነተኛ የቅንጅት ችግር አለባቸው እንበል። ፈተናው ችግር ካለባቸው 80 በመቶውን፣ ከሌለባቸውም 80 በመቶውን በትክክል ይለያል። ከ10ሩ 8ቱን ይይዛል፤ ከ190ው ጤነኞች ግን 38ቱን በስህተት ይጠቁማል። በጠቅላላው 46 ልጆች ተጠቁመው እውነተኞቹ 8 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የተጠቆመ ልጅ ለሁለተኛ ምርመራ ይላካል እንጂ ስም አይወጣለትም፤ ለወላጅም የሚነገረው በዚሁ ልክ ነው፦ «ደግመን ልናየው እንፈልጋለን።»

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሳይንስና የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጥናት የምትሠሩ ሁሉ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ «የመሣሪያው አስተማማኝነት በቀደሙ ጥናቶች ተረጋግጧል» ብላችሁ አትለፉ። ሁለት መዛኝ አሠልጥኑ፤ ሃምሳ ልጆችን ደግማችሁ እዩ፤ ያገኛችሁትን ቁጥር ከነመተማመኛ ወሰኑ ጻፉ። ዝቅ ያለ ቢሆንም ጻፉት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው የትኛውን መስፈርት ማስተካከል እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።